ለመዳን የታዘዘ ምስር

የምሠራው ረሆቮት ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የምግብ መደብር ጀርባ ባለው መጋዘን ነው። እኛ ማህሳን እንለዋለን። ጤፉን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ዘይቱን የማዘው እኔ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የማዘው ደግሞ በጆሮዬ ነው። ጠዋት ከሠፈሬ ከክፋር ማርሞሬክ አውቶቡስ ስሳፈር የማን ልጅ እንደምታገባ፣ የማን ተዝካር እንደደረሰ፣ የማን ልጅ ውትድርናውን ጨርሶ እንደሚመጣ እሰማለሁ። ወሬኛ ናት የሚሉኝ አሉ። ይበሉ! ወሬ ባልሰማ ኖሮ መደርደሪያው ባዶውን ነበር የሚያድረው።

ባለፈው ክረምት አለቃዬ አዲስ ነገር ይዛ መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የጎንደሬ ልጅ ናት። አማርኛዋ መሀል መንገድ ላይ ወደ ዕብራይስጥ ይታጠፋል፤ አክብሮቷ ግን አይታጠፍም። ዶዳ፣ አክስቴ፣ ነው የምትለኝ፤ አንቺ ብላኝ አታውቅም።

«ዶዳ፣ ይሄ ማህሼቭ የተሸጠውን ሁሉ ያያል» አለችኝ፣ አዲሱን ኮምፒውተር እያሳየችኝ። «ከዚያ ለሚመጣው ሳምንት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ራሱ ይገምታል፤ ራሱ ያዛል። አሁን ትልልቆቹ ሁሉ እንዲህ ሆነዋል፤ ዕቃ አይከምሩም፣ በልኩ ነው የሚያስመጡት።»

«እኔስ?» አልኳት።

መሬት መሬቱን እያየች ነገረችኝ። ለካ እኔና ማሽኑ ልንፈተን ነው። ለአንድ ወር አንዱን ሳምንት እሱ፣ አንዱን ሳምንት እኔ እናዛለን። እሱ ከበለጠ እኔ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሄጄ ካርቶን ተሸካሚ እሆናለሁ። በዚህ ወገቤ! ሥራዬን እወደዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት የእሱ ነበር። አልዋሽም፣ ሁሉ ነገር ልክክ አለለት። በሁለተኛው፣ በእኔ ሳምንት፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሞቱ። እኛ ዘንድ ለቅሶ ባዶ እጅ አይደረስም፤ ሴቱ ሁሉ ምስር እየሠራ ይዞ ይሄዳል። መርዶውን አውቶቡስ ውስጥ እንደሰማሁ እጥፍ አዘዝኩ፤ አንድም ሰው አጥቶ አልተመለሰም። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ይህን አይቶ የረሆቮት ሰው ድንገት ምስር የወደደ መሰለውና እስከ ጣሪያ የሚደርስ ምስር አስመጣ። ወይ ጉድ! ሰው መሞቱን በምን ይወቀው? እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። «አይ ሊቅ!» እያልኩ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ስክሪኑን እሰድበው ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ አባቴ ታመሙ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከኔው ጋር ነው የሚኖሩት። ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ሐኪሙም «ወንድሞችሽን ጥሪ» አለኝ። እሁድ ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ ተነሥቼ በቀጥታ ሥራ ገባሁ፤ አራተኛው ሳምንት ነው፣ የማዘው እኔ ነኝ።

አለቃዬ የምስሩን ቁልል እያየች «ነገ መኪና ይመጣል፤ ወደ ዋናው መጋዘን እንመልሰው?» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወይስ ዶዳ... አባትዎ... ምናልባት እናቆየው?»

ደሜ ፈላ። «ለምኑ ነው የምታቆዪው? አባቴ በሕይወት እያሉ ልታለቅሺባቸው ነው? አታሟርቺብኝ! መልሺው! አንድ ፍሬ እንዳይቀር!»

እኛ ዘንድ በሽተኛው እየተነፈሰ የለቅሶ እህል አይሰናዳም፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ልጅቷ ግን ክፉ አላሰበችም። ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን እያየሁም ምላሴን አልሰበሰብኩም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሰኞ መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ቀረ፤ ሐሙስ ይመጣል ተባለ። በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። የቀረበላቸውን ሾርባ ቀመሱና «ይህን ማን ነው የሠራው? ጨው የሚባል አያውቅም?» አሉ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እልል አልኩ፤ ነርሷ ተቆጣችኝ። ትቆጣ! ረቡዕ ወደ ቤት ተመለሱ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎ» የሚል ሰው ከየከተማው ጎረፈ። ለደስታም ባዶ እጅ አይመጣም፤ የሠፈሩ ሴት ሁሉ ወደ መደብሩ ሮጦ ምስር ይገዛል። ሐሙስ ሾፌሩ ሲመጣ የሚጭነው ካርቶን አጣ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው።

ወደ አለቃዬ ሄድኩ። «መጀመሪያ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ቀጥሎ ለበላዮችሽ ጻፊ፤ መልሺው ያልኩት እኔ ነኝ። በኔ ትእዛዝ ቢሆን መደብሩ ባዶ ነበር። የአባቴ እንግዶች የበሉት የማሽኑን ስሕተት ነው።»

አቀፈችኝ። «እሱም አላወቀም፣ እርስዎም አላወቁም። እውነቱን እጽፋለሁ፤ ሁለታችሁንም እፈልጋለሁ እላለሁ።»

እንዳለችውም ጻፈች። መልሱ ሲመጣ እሱ ቁጥሩን ያወጣል፣ እኔ ስክሪኑ ላይ ከጎኑ ባለው ሣጥን ውስጥ የራሴን ቁጥር ከነምክንያቱ እሞላለሁ ተባለ። ከሥራዬ አልተነሣሁም። ደስታዬን ለአባቴ ለመንገር ከአውቶቡስ ወርጄ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቁጣዬን ሳልደብቅ ሁሉንም አጫወትኳቸው። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና አዩኝ።

«ለሞቴ ማዘዝ ፈራሽ። ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ። «ለመዳኔ ማዘዝ ግን ማን ከለከለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ያን እሁድ ይድናሉ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም፤ ሌላውን አታሟርቺ እያልኩ እኔው በልቤ ቀብሬያቸው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ፤ እሳቸው ደግሞ «በይ ተነሽ፣ ምስር ሥሪልኝ» አሉ።

በዚህ ሳምንት አንዲት የሠፈራችን እናት ሆስፒታል ገብተዋል። እሁድ ጠዋት ከማሽኑ ቁጥር አጠገብ ዐሥር ካርቶን ምስር ጨመርኩ። በምክንያቱ ቦታ «ሲድኑ ለሚመጣው እንግዳ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበችውና «ቤሰደር፣ እሺ ዶዳ» ብላ ትእዛዙን ላከችው።