የውብዳር የዘረጋችው መስመር

የውብዳር ፍሪጇን በባዶ እግሯ ቆማ ነክታው አታውቅም። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ እጀታውን በጨርቅ ይዛ ነበር የምትከፍተው። ፍሪጁ ይነዝራላ! ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ፣ አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውላት የሄዱት ነው። እዚያ ሳለ ማንንም ነክቶ አያውቅም። አሁን ወደምትኖርበት ሃያብለ ሰፈር ከመጣ በኋላ ግን አመል አወጣ።

የምትኖረው ማይሙና የምትባል አሮጊት ግቢ ውስጥ ተከራይታ ነው፤ አንዲት ክፍልና በኮምፖርሳቶ የተሠራች ወጥ ቤት። ከነፃ ንግድ ቀጠናው ጭነት ለሚያነሱ የአገሯ የኢትዮጵያ ሾፌሮች ምሳ ታበስላለች፣ የቀዘቀዘ ጭማቂ ትሸጣለች። መብራቷ ከማይሙና ቤት በመስኮት ሾልኮ የሚገባ አንድ ቀጭን ሽቦ ነበር። ሽቦው ጫፍ ላይ ማከፋፈያ፣ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ። ፍሪጁም፣ መፍጫውም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውም፣ ጣሪያው ላይ በናስትሮ የታሰረው አምፖልም የሚጠቡት ከዚያችው ነው። ምድጃው ሲሰካ አምፖሉ ይደክማል፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲሠሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የውብዳር ሽታውን ለምዳው ነበር። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

በሙቀቱ ወራት፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ማይሙና ልብስ ስታጥብ ቆይታ በረዶ ልትወስድ ጎራ አለች። የውብዳር ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ተዪው ኤዶ፣ እኔ ላውጣልሽ» አለቻት፤ ኤዶ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ቃሉን ሳትጨርስ የማይሙና እርጥብ እጅ የፍሪጁን በር ያዘ።

ማይሙና አልጮኸችም። የሚያስፈራው እሱ ነበር። ዓይኗ ፈጦ፣ ጥርሷ ገጥሞ፣ ክንዷ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የውብዳር ቢላዋውን ጥላ ተወርውራ ሶኬቱን ከነገመዱ መንጭቃ ነቀለችው። ማይሙና መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ተረፈች። ውሃ ጠጥታ ነፍሷ መለስ ሲል ግን መጀመሪያ የተናገረችው «ያ ሽቦ ዛሬውኑ ይቆረጥ» የሚል ነበር።

«ኤዶ፣ በምን እሠራለሁ? ምግቡስ ይበላሽብኝ?»

«አንቺ ብትሞቺብኝ ለእናትሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ሽቦው ተቆረጠ።

ወደ ከሰል ተመለሰች። ወጥ ቤቷ በቀንም ጨለማ ሆነ፤ የምታቀርበው ውሃ እንደ ሻይ ይሞቅ ጀመር። ከደንበኞቿ አንዱ ሾፌሩ ባንቲሁን ነው አዝኖላት የመብራት ሠራተኛ ፈልጎ ያመጣላት። አብዱልፈታሕ ይባላል፤ የጅቡቲ ሰው ቢሆንም ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው የልጅነቱ ነው። ማከፋፈያዎቹን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ! ይሄ አይጠገንም። ሁሉም ተነቅሎ እንደ አዲስ ነው የሚዘረጋው። እኔ ደግሞ ሕንፃ ላይ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሳዩኝ። ዝርጋታውን እኔ ልሥራው።»

ትኩር ብሎ አያት። «ኮረንቲ ትፈሪያለሽ?»

«በጣም።»

«እንግዲያው ይሆናል። የማይፈራ ሰው አላስተምርም።»

ከምድጃዋ ከሰል አንስቶ የኮምፖርሳቶው ግድግዳ ላይ ሣለላት። ፍሪጁ ለብቻው መስመር፣ ምድጃው ለብቻው በወፍራም ሽቦ፣ መብራቱም ለብቻው። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይውጣ እንጂ አግድም እንዳይንጋደድ፤ ነገ ሚስማር የሚመታ ሰው የት እንዳለ ይወቅ። ሶኬት ከቧንቧው ይራቅ። እያንዳንዱ ሶኬት ሦስተኛ ሽቦ ይኑረው፤ ቢጫና አረንጓዴው፣ ወደ መሬት የሚወርደው። «ከቆጣሪው ጋር ማገናኘት ግን የኔ ነው። ያንን ከነካሽ አልመጣልሽም» ብሎ ሄደ።

የውብዳር ምሳ አብልታ፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ፒንሳና ካቻቪቴ ታነሳለች። መጀመሪያ ሽቦውን ስትልጥ መዳቡን እየቆረጠችው ተናደደች። ኋላ ግን እጇ ልኩን አገኘ፤ ልጣጩ ብቻ ሽልቅቅ ብሎ ሲወጣ ልቧ ውስጥ አንዳች ደስታ ይሰማት ጀመር። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ወንበር ላይ ቆማ ቱቦ ስትቸነክር፣ ማይሙና የራሷ በር ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

የቀረው ሦስተኛው ሽቦ የሚያያዝበት፣ መሬት ውስጥ የሚተከለው ብረት ነበር። እርጥብ መሬት ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፤ የሃያብለ መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። እርጥበት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ማይሙና የልብስ እጣቢ የምትደፋበት፣ ደጃፏ ላይ። የውብዳር ብረቱን ይዛ ሄደች።

«ደጄ ላይ ብረት ልትተክዪ?»

«ኤዶ፣ ከሽቦው ያመለጠው ኮረንቲ መሄጃ ሲያጣ ባንቺ በኩል ነው የወረደው። ይሄ መሄጃ ይሆነዋል። ያንቺም ቤት እኮ የለውም።»

ማይሙና ያን ቀን ተጣብቆ የነበረውን መዳፏን አየችው። «የኔም?»

«ያንቺም።»

አሮጊቷ ብድግ ብላ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰበሰበችና ብረቱን ጨብጣ አቆመችው። «ምቺ። እጄን ግን እንዳትመቺኝ!»

መጀመሪያ የተከሉበት ቦታ ጥቂት ወርዶ አለት ገጨ። ነቅለው ጠጋ አደረጉት፤ ሌላ አለት። የውብዳር ተስፋ ቆርጣ መዶሻውን ልትጥል ስትል ማይሙና «እዚህ ጋ፣ ውሃው ቶሎ የሚሰርግበት» ብላ ጠቆመች። ገባ። ብረቱ እየተንሸራተተ ሲወርድ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ይስቁ ነበር።

አርብ ጠዋት አብዱልፈታሕ መጣ። እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ ሳበ። አንዱ ሶኬት ላይ ሽቦው ተመዝዞ እጁ ላይ ቀረ።

«ሲላላ ይግላል፤ ሲግል ቤት ያነዳል» አላት በቀስታ።

የውብዳር ፊቷ ጋለ። የዚያን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ብሎኖች እንደገና አጠበቀች። እሱም የፍሪጁን ጀርባ ፈቶ የተላጠውን ሽቦ ቀየረ፣ የመሬቱን ብረት ለሁለቱም ቤት አገናኘ፣ ሰው ሲነዘር ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ ገጠመ፤ በመሣሪያው ከለካ በኋላም መስመሩን ከማይሙና ቆጣሪ ጋር አያያዘው።

«አብሪው» አላት።

አበራችው። ምድጃውን ሰካች፤ አምፖሉ አልደከመም። በብርሃኑ የጣሪያዋን ጥላሸት አየችና «ወይ ጉድ፣ እዚህ ውስጥ ነው ሰው የማበላው?» አለች። ማይሙና ግን አብዱልፈታሕ መዳፉን ፍሪጁ ላይ አሳርፎ ቢያሳያትም አልነካም አለች። እስከ ዛሬም በረዶ ሲያምራት የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነው የምትጣራው።

ቀጥሎ የማይሙናን ወጥ ቤት ሠሩ፤ የውብዳር ዘረጋች፣ አብዱልፈታሕ ፈትሾ አገናኘ። ያን ቀን ዕቃውን እየሰበሰበ እንዲህ አላት፤ «ባሎቻቸው ወደብ የዋሉ ሴቶች ደውለው ይጠሩኛል፤ ስመጣ ግን በሩን አይከፍቱልኝም። ላንቺ ይከፍታሉ። ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ?»

ምሳውን አልተወችም። ከሰዓት በኋላ ግን መሣሪያዋን በዘንቢል ይዛ ትወጣለች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሱሪያ የምትባል አራስ ነበረች። በሩን ገርበብ አድርጋ ከየውብዳር ጀርባ ያለውን መንገድ ቃኘች።

«ሠራተኛው የታለ?»

«እኔ ነኝ» አለች የውብዳር በሶማልኛ፤ ዘንቢሏን ከፍታ ፒንሳውን አሳየቻት። «መጀመሪያ ማጥፊያው የት እንዳለ አሳዪኝ።»