ክብሪትና ጃንጥላ

ያ ቀን አንድ ጃንጥላና የአጎቴን ከቤት መውጣት አስከፈለን። ሱቄ በር ላይ ሰው ክብሪት ሲጭር ሽታው ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ይመልሰኛል።

አጎቴ ኦቲዝም ነበረበት፤ ያኔ ስሙን የነገረን የለም። ያን ቀን ከእናቴና ከእኔ ጋር ታክሲ ሲጠብቅ የመኪናው ጥሩምባና የወያላው ጥሪ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ አስፋልት ላይ ተቀምጦ ጮኸ። ሰው ከበበው።

«የሚጥል በሽታ ነው፤ ክብሪት አሽትቱት!»

እናቴ በጃንጥላዋ ከለለችው። «አይደለም፣ ወንድሞቼ! ጩኸት በዝቶበት ነው። ዝም ብላችሁ ራቁለት፤ ራሱ ይነሳል።»

ዝምታ እንዴት መድኃኒት እንደሚሆን ለእኔም አልገባኝም።

«እህቴ፣ ዞር በይ፤ እኛ እናውቃለን!»

ደግ ሕዝብ ነው፤ ሊረዳ ሲጋፋ ጃንጥላውን ሰበረው። የአጎቴን እጅና እግር ይዘው ክብሪት አፍንጫው ሥር ጫሩበት። ጩኸቱ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሱቄ ውስጥ ክብሪት አልሸጥም። ጃንጥላው ተተካ፤ አጎቴ ዳግመኛ ከግቢ ሳይወጣ ሞተ።