ለማዶ ያስቀመጥነው ነጥብ

በሕይወቴ ብዙ ነገር አናድዶኛል፤ እንደዚያ ጌም ያንገበገበኝ ግን የለም። ሰው በጌም ይናደዳል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው።

የሱዳን ጦርነት ከመምጣቱ በፊት እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ካርቱም፣ ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። እሱ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። በፖለቲካ ምክንያት ተሰደን ካርቱም ከገባን በኋላ ግን ሰፈራችን ባለ አንድ የስልክ መጠገኛ ውስጥ ሥራ ሲገኝ ይሠራል፣ ሳይገኝ ይቀመጣል። እኔ እዚያው ካርቱም፣ ጣኢፍ የሚባል የሀብታም ሰፈር አንድ ቤት ምግብ አበስላለሁ። ዓርብ ሁለታችንም ቤት ነን። እሱ ያገለገለ ኮምፒውተር ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ገዛ፤ ጌሙ ኮምፒውተሩን የሸጠው ሰው ውስጡ ትቶት የሄደው ነው። ምስሉ የደበዘዘ፣ ሙዚቃው ራስ የሚያሳምም፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ የተሠራ አሮጌ ጌም ነበር። ዓርብ ጠዋት መብራት ካለ ማራገቢያውን ወደ እኛ አዙረን፣ እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትፈጥራለህ። ሰውዬው መንገድ ሲያቋርጥ፣ ጠላት ሲገድል ልምድ ያገኛል። ልምዱ ሲጠራቀም ደረጃው ከፍ ይላል፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ጥቂት ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡን ይዞ ከተማ ይገባና አሠልጣኝ ፈልጎ፣ በጉልበት ወይም በፍጥነት፣ በጥበብ ወይም በአንደበት ላይ ያውለዋል። አንዴ ካዋለው መመለስ የለም። የቱ የት እንደሚጠቅም ደግሞ ማንም አይነግርህም። ሰውህን እንዳበላሸኸው የሚገባህ ከስንት ሳምንት ልፋት በኋላ ነው። ይህን የፈጠረው ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም እላለሁ፤ ወይ ደግሞ አሳድጎ ተቃጥሏል።

የመጀመሪያውን ሰው የፈጠረው ባለቤቴ ነው። ነጥቡን ሁሉ ጥበብና አንደበት ላይ አፈሰሰው። ምስኪኑ ከነገሥታት ጋር የሚከራከር ሊቅ ሆነና መጀመሪያ በገባበት ዋሻ ውስጥ አይጥ ገደለችው።

«ቁርጥ አንተን» አልኩት።

«አይጧ አማርኛ አትችልም እንጂ አሳምናት ነበር» አለ።

ሁለተኛውን ስንጀምር ዘዴ ቀየረ። «ነጥቡን አሁን አናውለው» አለኝ። «እናጠራቅመው። የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ ስናውቅ ያኔ ባንዴ እናውለዋለን።»

ተስማማሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ሐሳብ ላይመጣለት ይችላል። እኛ ግን ኑሯችን ራሱ እንዲህ ነበር። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ በስደተኞች ቢሮ ተመዝግቦ ፕሮሰስ ላይ ነኝ የሚል አበሻ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚኖረው። ጥሩው ብርድ ልብስ ለብርዱ አገር ተብሎ ከነላስቲኩ ይቀመጣል። ቁም ሳጥን አይገዛም፤ ልብስ ከሻንጣ ወጥቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ ዐረብኛ አልማርም ያለው «የማልኖርበት አገር ቋንቋ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ነው፤ ይህን የሚለው እዚያው አገር ዓመታት ከኖረ በኋላ ነው። ሁሉ ነገር «እዚያ ስንሄድ» ነበር።

ልጅም የሚወለደው እዚያ ስንሄድ ነው። በፕሮሰስ መሐል ልጅ ከመጣ ፋይሉ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ወረፋው ወደ ኋላ ይመለሳል የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር። እውነት ይሁን ውሸት ማናችንም ሄደን አልጠየቅንም፤ ብዙ ሴቶች ግን በዚያ ወሬ ክኒን እየዋጡ ተቀምጠዋል። እኔም አንዷ ነበርኩ። ልጅ በጣም እፈልግ ነበር። ጣኢፍ የማበስልበት ቤት ሕፃኑ ሲያለቅስ ወጡን እሳት ላይ ትቼ ስሮጥ ማዳም ትስቅብኝ ነበር። ለባለቤቴ ሳነሣበት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። «ካልገማ ነዋ» እለዋለሁ። እንስቃለን፣ ነገሩም ያልፋል። እንደዚያ በሳቅ ማለፉ ነው የጎዳን።

ነጥብ ያልዋለበት ሰው ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የተጫወተ ያውቀዋል። ሁለተኛው ሰውዬአችን ጅብ ሲያይ ዛፍ ጀርባ ይደበቃል፤ ሽፍታ ሲመጣበት የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሌላው በአንድ ምት የሚጥለውን ጠላት እኛ በዙሪያው ስንሽሎከለክ ግማሽ ቀን ይሄዳል። እኔ ግን በሰውዬው አላፈርኩም። ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት የሌለውን ሲያፍስ፣ ከሻ የሚሉት አፈሳ ሲመጣ፣ እኔም በጓሮ በር ነበር የማመልጠው። ስሙ አጠገብ ያልዋለው ነጥብ በቢጫ ቀለም እየጨመረ ይታያል፤ ባለቤቴ ያንን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ይበራል።

«እስቲ አስቢው፣ አንድ ቀን ይህን ሁሉ ስናፈስበት ማን ይችለዋል?» ይለኛል። እኔም አምኜው ነበር።

አንድ ዓርብ ትልቁ ወንዝ ጋ ደረስን። የመጨረሻው አገር ከወንዙ ማዶ ነው። ባለ ጀልባው አንድ ነገር ተናገረ፤ ጌሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባለቤቴ ተረጎመልኝ። መመለሻ የለም፣ ተዘጋጅታችኋል ወይ ነው የሚለው። «ተዘጋጅተናል» አለ ባለቤቴ፣ እጁን እያሻሸ። ተሻገርን። እግራችን መሬት ሲረግጥ ጌሙ ያለንበትን ራሱ መዘገበው፤ ወደ ኋላ የምንመለስበት የቀድሞው መዝገብ ጠፋ።

ከዚያ አሠልጣኝ ፍለጋ ጀመርን። ከተማ የለም። የተቃጠሉ ቤቶች አሉ፣ ከቤቶቹ ኋላ ጭራቆች አሉ። ያልገባንበት ፍርስራሽ አልነበረም። በመጨረሻ ባለቤቴ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። አሠልጣኞቹ በሙሉ ትተነው በመጣነው ዳር ቀርተዋል። ማዶ የተሻገረ ሰው መሠልጠን ያለበትን ሠልጥኖ እንደመጣ ነው የሚቆጠረው። ነጥቡ ስሙ አጠገብ እያበራ ሰውዬው በመጀመሪያው ጭራቅ ሞተ። እንደገና አስነሣነው፤ እንደገና ሞተ።

ተነሥቼ ጀሪካኑን በእግሬ መታሁት። «ይሄ ምን ዓይነት ክፋት ነው?» አልኩ። «ሰጥቶ መንሳት።»

«ማዓሌሽ» አለኝ፤ ግድ የለም ማለት ነው፣ ከሚያውቃቸው ጥቂት የዐረብኛ ቃላት አንዷ ናት። «ተይው፣ ጌም ነው።»

እንባዬ መጣ። «ልጅ እፈልጋለሁ» አልኩት። «እዚህ። ሳሃፋ። በዚህች ክፍል ውስጥ።»

ኮምፒውተሩን አጠፋ። ከዚያ «ፋይሉስ?» አለኝ።

«ፋይሉ ይቃጠል።»

«ስሚኝማ። እዚህ የሚወለዱትን ልጆች ታያለሽ አይደል? ወረቀት የላቸው፣ አገር የላቸው። አማርኛው ተሰባብሮባቸው፣ ሙሽኪላ፣ ጣጣ በመጣ ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው የሚያድጉ ናቸው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ልጄን ለዚህ አልወልድም።»

ያለው ውሸት አልነበረም። ያበሸቀኝም ውሸት አለመሆኑ ነው። «ፋይል ወረፋ ይጠብቃል» አልኩት። «የሴት ገላ ወረፋ አይጠብቅም። እኔ ኸላስ፣ ጠብቄ ጨርሻለሁ።»

ምሳ ሳንበላ ዋልን። ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ «እሺ፣ መጀመሪያ ሐኪም ትይሽ፤ ከዚያ እንጀምር» አለኝ። ሄጄ ከኋላው አቀፍኩት። ስለ ጌሙ ያን ቀን ሁለታችንም ደግመን አላነሣንም።

ሐኪሟን የጠቆመችኝ ማዳም ናት። ሐኪሟ ሱዳናዊት ነች፣ ረጋ ያለች። ምርመራው ተደርጎ ውጤቱን ልሰማ የሄድኩት ብቻዬን ነው፤ ባለቤቴ ያን ቀን ሱቅ ሥራ አግኝቶ ነበር። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ለመውለድ ምን ያህል ጊዜ እንደሞከርን ጠየቀችኝ። አልሞከርንም፣ እየጠበቅን ነበር አልኳት።

«ሙንተዚሪን ሹኑ?» አለችኝ፤ ምን ስትጠብቁ?

ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ቢሆንም ያሰብኩትን ያናግረኛል። ያን ቀን ግን ጥያቄዋን አልፌ የወር አበባዬን መዛባት አወራሁላት። የሚዛባው በካርቱም ሙቀት ይመስለኝ ነበር። እሷ እጄን ይዛ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የእኔ ጊዜ ከብዙ ሴቶች ቀድሞ አልፏል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብትመጪ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፣ አሁን ግን አልዋሽሽም አለችኝ።

ራክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ ይዤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ለባለቤቴ የምለውን ስድብ ሳሰላ ነበር። «አስተማሪው፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ ልጀምር አስቤያለሁ። ሌላም ነበር፣ የማይጻፍ። ክፍላችን ስገባ ቀድሞኝ መጥቷል። ፊቴን አየና ብድግ አለ።

«አልፏል አለችኝ» አልኩት። «ልጅ አይኖረኝም።»

ተረት እስኪተርትብኝ ወይም ማዓሌሽ እስኪለኝ ጠበቅሁ። ቢለኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አላለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል።

«ስም አውጥቼላት ነበር» አለ።

ስድቡ አፌ ውስጥ ቀረ። ሴት ልጅ እንደሚፈልግ እንኳ አላውቅም ነበር። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅሁት። ካርቱም ከገባን ጀምሮ አለኝ፤ እንዳልጓጓ ብሎ ነው ያልነገረኝ።

«ማን ብለህ?»

ነገረኝ። ቆንጆ ስም ነው። በክፍላችን ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ለማወቅ፣ ደጅ የምትጫወት ልጁን እንደሚጣራ ሰው አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ ጠራኋት። እሱ ተነሥቶ ወጣ።