የላፕቶፑ ባለቤት ድልድይ

ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ለልጄ ላፕቶፕ የሸጠችልን ልጅ ራሷ የምህንድስና ተማሪ ሆና ተገኘች።

ልጄ ትዕግሥት ምህንድስና ልትማር ኮሌጅ ልትገባ ነው። እኔ ሰሊጥ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ላፕቶፑን እንደ ሰሊጥ ጆንያ እጄን ከሥሩ አስገብቼ ይግል እንደሆነ ዳሰስኩት። (አትሳቁ፤ እርጥብ ሰሊጥም የሚግለው ከሥሩ ነው።)

ትዕግሥት ከፍታ ስታየው የድልድይ ንድፍ አገኘችበት። "የማን ነው?" አለቻት።

"የእኔ ነው። ሦስተኛ ዓመት ደርሼ ነበር" አለች ልጅቷ በዓረብኛ። በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ናት። "አሁን ግን ቤት የሚጠብቁኝ ለእንጀራ የሚሆን ዱራ፣ ማሽላ ይዤ እንድገባ ነው።"

ዘንድሮ የዱራ ዋጋ ያላስጨነቀው ቤት የለም። እኛ ባንገዛው ሌላ ሰው ይገዛዋል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

በእኛ አገር ላም የሸጠ ሰው ገመዷን ይዞ ይቀራል፤ በረከቱ አብሮ እንዳይሄድበት። እኔም የላፕቶፑን ቦርሳ መለስኩላት።

"ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ባዶ ቦርሳ ምን ያደርግልኛል? ንድፎቼን ብቻ አታጥፉብኝ። አንድ ቀን መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" አለች።

ትዕግሥት አላጠፋችም። ይኸው አሁንም ድልድዩን ከፍታ ታያለች፤ እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። ከርሞ እሷም ይህንኑ ላፕቶፕ ልትሸጥ ታቅፋ እዚያው ገበያ እንዳትቆም እፈራለሁ።

እናንተስ፣ በዚህ ዘመን ከሰው እጅ ዕቃ ስትገዙ ለሻጩ ያስቀራችሁለት ነገር አለ?