ጌሾ ያልገባበት ጠጅ

ትናንት የልጄ ሚስት እንጆሪ ገዝታ መጣችና ሳህን ላይ ዘረገፈችው። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲገባ ምራቄን ዋጥኩ። «እማማ፣ ይብሉ እንጂ» አለችኝ። «ይኼማ ይጠጣል እንጂ ይበላል እንዴ!» ብላት ሳቀች፤ አልገባትም። ላንተ ግን ልንገርህ፣ ቁጭ በል።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ይዞ የተቀመጠ ጊዜ ነው። እኛ የምንኖረው ከጉና ሥር፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ከሚገባበት አገር ነበር። ሃያ ዓመት አልፎኝ ገና አላገባሁም፤ ሰፈሩ «ቆማ ቀረች» ይለኛል። ይበሉ! እኔ የምፈልገውን አውቃለሁ። የምፈልገው ጠመንጃውን ይዞ ጫካ የገባ አንድ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን በዘመድ አሳውቆኛል። አባቴ ግን «ለአርበኛ ልጄን ድሬ ቤቴን ላስቃጥል?» ባይ ነበሩ። አልዋሹም፤ ያኔ ለአርበኛ ውሃ ያቀበለ ቤት ይቃጠል ነበር።

ሽማግሌ በባዶ ቤት አይቀበሉም። ማር ነበረን፤ ጌሾ ግን ከቆላ የሚመጣበትን መንገድ ወታደር ስለዘጋው ከገበያ ጠፍቷል። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ጓዳው የኔ ነው። ታዲያ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ከገደሉ አፋፍ እንጆሪ ለቅሜ መጣሁ። ጋኑን በወይራ አጠንኩ፣ እንጆሪውን በማሩ ውሃ ውስጥ ጨመቅኩና አፉን በጨርቅ አስሬ ከምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ሰንብቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ ውስጡ ይንተከተካል። ስከፍተው ሽታው ጓዳውን ሞላው። ቀመስኩት፤ ወዲያው አናቴ ላይ ወጣ። ጠጅ ሆኗል!

ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ አንደኛው የደብሩ ቄስ ናቸው። ቀዳሁላቸው። «እሺ ሳይሉን አንቀምስም» ብለው ዋንጫቸውን አስቀመጡ፤ ወጉም እንደዚያው ነው። አባቴ ግን ገብስ ሲወቁ ውለው ጉሮሯቸው ደርቋል፤ አንስተው ጨለጡት።

«አባዬ፣ ቀስ ይበሉ፤ ኃይል አለው» አልኳቸው።

«ሂጂ ወዲያ! ያለ ጌሾ ምን ጠጅ አለ? ብርዝ ነው» አሉና ደገሙ። ብርዝማ ሕፃን የሚጠጣው የማር ውሃ ነው። ቄሱ ዋንጫቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ሽታው ነገራቸው መሰለኝ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «ቅጂላቸው እንጂ ልጄ፣ ደክሟቸዋል» አሉኝ። ቀዳሁ። እኔ እንደሆንኩ ነግሬያለሁ!

አባቴ መጀመሪያ ስለ ገብሱ አወሩ፣ ቀጥለው ስለ እናቴ አወሩና አለቀሱ። በመጨረሻ ጉልበታቸውን መታ አድርገው «ልጄን ሰጥቻለሁ!» አሉ። ይኼን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን አንስተው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። እኔ ጓዳ ገብቼ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

አገሩ ጉድ አለ። «ሰክረው ሰጧት» ተባለ። ሰርጉ ያለ ከበሮ፣ በሹክሹክታ ሆነ። አንዳንድ ቀን እየመጣ፣ አንዳንድ ቀን እየጠፋ፣ ከባሌ ጋር አንድ በጋ ኖርን። ደስ የሚል በጋ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ከጉና ወዲያ ማዶ በጥይት መውደቁን አረዱኝ።

ለቅሶው ላይ የአባቴ ታላቅ እህት ከሰው ፊት ጮኸችባቸው፦ «ልጅቷን በመጠጥ ጨረስካት!» አባቴ ተነስተው መጡና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አልሰከርኩም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ጠጅ መሆኑን ገና ስጎነጨው አውቄዋለሁ። እሺ እንዳልል ፈርቼ፣ እንቢ እንዳልል አንቺን አይቼ፣ ሰበብ ነበር የቸገረኝ። ገደል አፋፍ ወጥተሽ እንጆሪ የለቀምሽው ለማን እንደሆነ አጥቼው ነው?»

ትከሻቸውን ተደግፌ አለቀስኩ። እሳቸውም አብረውኝ አለቀሱ።