ሦስቱ ማርቆሶች

ባለፈው ማክሰኞ አዲስ ከተማ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ እርጥብ ሱፍ በካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ መጣና ባጃጁ ሲያልፈኝ እንኳ አላየሁትም፤ ባደግሁበት ታቦር ሰፈር፣ አባቴ ልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ያኔ ሰፈራችን ሦስት ስመ ጥር ማርቆሶች ነበሩት፦ ከሰሜን መጥተው ሒሳብ የሚያስተምሩን መምህር፣ የከተማው ቡድን በረኛ፣ እና ሙሽራ ሁሉ ሱፉን እሱ ዘንድ ካላሰፋ ያገባ የማይመስለው የሲዳማው ልጅ፣ አባቴ። ሰፈሩ እንዳይምታታበት ማርቆስ ጠመኔ፣ ማርቆስ ጓንት፣ ማርቆስ መርፌ ብሎ ለይቷቸው ስለነበር የአባታቸውን ስም ከየቤተሰባቸውና ከእድሩ መዝገብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እነሱ ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ "ሞክሼ!" ተባብለው ትከሻ ለትከሻ ሲገጫጩ ሦስት ወንድማማቾች ይመስሉ ነበር።

ሟች ደግሞ በቅጽል ስም አይጠራም፤ ነውር ነው። አባቴ ጨርቅ ሊገዛ አዲስ አበባ በሄደበት ድንገት ያረፈ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው ገና እቤታችን ሳይደርሱ የእድሩ ለፋፊ ቸኩሎ ጡሩምባውን ነፋ፤ "አቶ ማርቆስ" ብሎ ከነአባቱ ስም ቢጠራም ሰዉ የሰማው "ማርቆስ" የሚለውን ብቻ ነበር። መምህሩ ታመው ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተው ስለነበር አገር ምድሩ እያለቀሰ ወደ እሳቸው ቤት ጎረፈ። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ "መምህር ማርቆስ ሞቱ" ሲባል ሰምቼ እየተንሰቀሰቅሁ ተከተልኩ።

በሩ ተከፈተና መምህሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ሰው ሁሉ ክው ብሎ ሲቀር እኔ ዘለልኩ፤ እያጨበጨብኩ "ተመስገን! እሳቸው አይደሉም!" ብዬ ጉልበታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። በረኛውም ከሚያለቅሱት መሃል ቆሞ ነበር፤ አንዲት አሮጊት እሱን፣ ቀጥሎም እኔን አይተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መምህሩም ነገሩ ገባቸው። እጄን ያዙና ለሕዝቡ፣ "ያመጣችሁልኝ ለቅሶ የሞክሼዬ ነው፤ ተከተሉኝ" አሉ። ትኩሳታቸው በመዳፌ እየተሰማኝ፣ ማን እንደሞተ ሳይገባኝ፣ በባዶ እግራቸው እቤቴ አደረሱኝ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ያን "ተመስገን" አልነገርኳትም። ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ጸሎት ላይ እንኳ ቃሉን ዘልዬው አልፋለሁ። መምህሩ ካረጁ በኋላ አንድ ቀን ልናዘዝላቸው ሄጄ ገና አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ፦

"ልጄ፣ በሕይወት በመኖሬ እንዳንቺ የዘለለልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ስትዘዪ አይቼሽ አላውቅም።"

አቀርቅሬ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ራሴን ዳበሱኝ።

ዛሬ እድሩ መርዶ የሚልከው በስልክ፣ ከነፎቶው ነው፤ የሚሳሳት የለም፣ በስህተትም ቢሆን ለጎረቤቱ የሚሮጥ የለም። በረኛውም አረፈ፤ አምና ደግሞ መምህሩን ቀበርን። ያቺን የምትዘል ልጅ የሚያስታውስ ሰው ከእኔ በቀር አልቀረም።