ላጲሱና የቲማቲሙ ገጽ

ላርክ ሂል ውስጥ ቶራን የማይፈራ አንባቢ አልነበረም። ሰው አትቆጣም፣ ድምጿንም ከፍ አታደርግም። ግን መጽሐፍ ሲመለስላት ገጾቹን በአውራ ጣቷ ፈር ፈር አድርጋ ታገላብጥና የእርሳስ ጭረት ካገኘች መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርሳ ያመጣውን ሰው ታየዋለች። ያ አስተያየት ከመቀጮ ይብስ ነበር። ከዚያ መሳቢያዋን ስባ ላጲሷን ታወጣለች።

ከፖስታ ቤቱ ጎን ባለችው ባለ አንድ ክፍል የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖራለች። ታውሳለች፣ ታስመልሳለች፣ የተገነጠለውን ታጣብቃለች። ጃንዋሪ ሲገባና ብርዱ ሰውን ከቤት አላስወጣ ሲል ደግሞ መጽሐፎቹን ከመደርደሪያ አንድ በአንድ እያወረደች የዓመቱን የእርሳስ ጽሑፍ ስታጠፋ ትከርማለች። «መጽሐፉ የሁሉም ነው፤ እርሳሱ ግን የአንድ ሰው ነው» ትል ነበር። ሰዉም ይህን አውቆ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል።

አንድ መጽሐፍ ላይ ግን ማንም አልሰማትም። ነገሩ ወዲህ ነው። የአትክልቱን መጽሐፍ የጻፈው ሰውዬ ኑሮው ከወደ ደቡብ፣ ሞቃት ሐይቅ ዳር ነበር። በዚያ አገር እንዳየው ሆኖ «ቲማቲም በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ውጭ ወጥቶ ይተከላል» ብሎ አፉን ሞልቶ ጻፈ። ከወደ ሰሜን፣ ሳስካችዋን በሚባለው ቀዝቃዛ አገር፣ ላርክ ሂል ውስጥ፣ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንት የሚተከል ነገር ቢኖር የበረዶ አካፋ ነው። መጽሐፉ በመጣበት ዓመት ግማሹ መንደር ሰውዬውን አምኖ ተከለ፤ ውርጭም በአንድ ሌሊት ሁሉንም አጥቁሮት አደረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው፤ የሚለቀምም አልተገኘም እንጂ።

በሚቀጥለው ዓመት የቲማቲሙ ገጽ ህዳግ ላይ እርሳስ ታየ። «ውሸት ነው! ሜይ 30! ክኑት» ይላል አንዱ። አሮጊቷ ፔላጊያ በዩክሬንኛ ሦስት መስመር ጻፈች፤ ያነበበ ሰው ባይኖርም ደራሲውን እየረገመች እንደነበር ማንም አልተጠራጠረም። ቶራ ጃንዋሪ ላይ ሁሉንም አጠፋች። በረዶው ሲቀልጥ መጽሐፉ ከቤት ቤት ዞሮ እንደገና ተጽፎበት መጣ። ከእነዚህ ሁሉ ደግሞ አንድም ዓመት ያላጓደለው የገዛ ባሏ፣ ኦረስት ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮም ጽፈህበታል» ትለዋለች እራት ላይ።

«እኔ? ኧረ በለው! ማን አየኝ?»

«እንዳንተ እርሳስ ተጭኖ የሚጽፍ ማን አለ? ወረቀቱን አርሰኸዋል እኮ!»

«ገበሬ ነኛ፤ ያገኘሁትን አርሳለሁ።»

«አጠፋዋለሁ፤ ነግሬሃለሁ።»

«አጥፊው። ውርጩንም ከቻልሽ አብረሽ አጥፊልን» ይልና ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የታጨቀበት ቅቅል ሊጥ ጎምዛዛ ክሬም ውስጥ እየነከረ ይስቃል። እሷ ፊቷን ታጠቁራለች፤ ሳህኑን ልታነሳ ወደ ማጠቢያው ስትዞር ግን እሷም ትስቅ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ተባባሉ።

ኦረስት በኖቬምበር ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ቶራ ቤቷን ማገላበጥ ያዘች። የፈለገችው የእጁን ጽሑፍ ነው። ብታምኑም ባታምኑም አንዲት መስመር አልነበረችም። ምን ይጻፍ? ለማንስ ይጻፍ? ሲተጫጩ የአባቷና የአባቱ እርሻ ጎን ለጎን ነበር፤ ከተጋቡ በኋላም ከአጠገቧ ተለይቶ ያደረው ሁለት ሌሊት ቢሆን ነው። ቼክ ላይ ከጫረው ፊርማ በቀር ያ ሰው በዕድሜው ሙሉ የጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱንም እሷ በገዛ እጇ ስታጠፋው ኖራለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ።

ይኼም አንሶ የጃንዋሪው ነገር አለ። ኦረስት ከተቀበረ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ቶራ እንደ ልማዷ መጽሐፎቹን እያወረደች ታጠፋ ነበር። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው። እጇ የአትክልቱን መጽሐፍ ከፈተ፤ ላጲሱ ህዳጉ ላይ ወጣ ወረደ፤ ዓይኗ ቆይቶ ደረሰ። «ዘንድሮ ጉልበቴ እንቢ አለኝ። አንቺ ትከይው፤ ከጁን አምስት በፊት እንዳታወጪው» ይላል የኦረስት እጅ ጽሑፍ። ፈዞም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ እጇ ግን በልማዱ ሳይቆም ሁሉንም ጠራርጎ ኖሮ፣ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ የተጠራቀመ የላጲስ ፍርፋሪ ሆኖ አየችው። ፍርፋሪውን በመዳፏ ሰብስባ ብዙ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረችው።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ከፍታው አታውቅም፤ ሲመለስ ጀርባውን ይዛ ወደ ቦታው ትገፋዋለች እንጂ። ባለፈው በጋ ሥራውን ለካርላ አስረከበች። ካርላ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከተማ ተምራ የመጣች፣ እጇ የፈጠነ፣ ልቧም ቀና። ቶራ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች ለአዳዲሶቹ መጻሕፍት ላስቲክ ታለብሳለች። ጓሮዋ ግን ሁለት በጋ ሳይተከልበት አረም በልቶት ነበር።

በማርች አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አዲስ ካርቶን ደረሰ። ካርላ በቢላ ከፍታ አራት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። አንዱ የምጣኔ ሀብት ነው፤ የስንዴ ዋጋ ለምን እንደሚወድቅ ያስረዳል። ሁለተኛው የልማት፣ ሦስተኛው የባቡር ሐዲዱ ታሪክ፣ አራተኛው ደግሞ በሥዕል ያሸበረቀ የአትክልት መጽሐፍ ነበር። ማሞቂያው ዳር ወንበር ስቦ የተቀመጠው ክኑት አንገቱን አሰገገ። ክኑት ሰማንያ አልፎታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ በተከፈተ ቁጥር እሱም ይከፈታል።

«የስንዴውን ወዲህ በይ። ለምን እንደወደቀ እኔም ነግሬሽ ነበር፤ መጽሐፍ ውስጥ ካልገባ አታምኑም» አላት ካርላን።

«ገና አልመዘገብኩትም፣ አቶ ክኑት።»

«እስክትመዘግቢው ዋጋው እንደገና ይወድቃል።»

ቶራ አዲሶቹን እያነሳች አሸተተቻቸው። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ የሚሸትተው ሙጫና ቀለም ሁልጊዜ ደስ ይላታል። ድሮ ካርቶን የመጣ ቀን ከትምህርት ቤት የሚፈቱ ልጆች በሩ ላይ ይጋፉ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የእንጨቱ ትልቅ የእህል ጎተራም ፈርሶ ቦታው ነፋስ ብቻ ቀረ። ዛሬ ካርቶን ሲከፈት ያለው ተሰብሳቢ ክኑት ነው፤ እሱም ለሙቀቱ።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ደንቡ አራት ሲገባ አራት ይወጣል የሚል ነው። ካርላ የሚወጡትን ከመደርደሪያው አወረደች። የድሮው የልማት መጽሐፍ ሲገለጥ የላርክ ሂል ካርታ ወደቀ፤ በሺ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓ.ም. አምስት ሺህ ሰው ይኖርበታል ተብሎ መንገዱ ሁሉ ተሰምሮለታል።

«አምስት ሺህ!» አለ ክኑት። «የት ሄደው ነው? እኔ ስቆጥር መቶ አርባ ነን፤ ፔላጊያ ከሞተች ወዲህ ደግሞ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።»

ካርላ እየሳቀች አራተኛውን አነሳችና «ከቤተ መጻሕፍቱ የወጣ» የሚለውን ማኅተም ቀለም አስነከረች። የድሮው የአትክልት መጽሐፍ ነበር። ቶራ እጇን መጽሐፉ ላይ ጫነች።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ቆይ፣ አንዴ ልየው።»

«ምነው ወይዘሮ ቶራ፣ ይፈልጉታል? ለበልጉ የቤተ ክርስቲያን ሽያጭ ነበር ያሰብኩት። ይውሰዱት ካሻዎት።»

ቶራ መጽሐፉን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቲማቲም ወዳለበት ገጽ ለመድረስ መፈለግ አላስፈለጋትም፤ መጽሐፉ በራሱ እዚያ ላይ ተከፈተ። ህዳጉ ንጹሕ ነበር፤ ኦረስት ከሞተ ወዲህ ማንም አልጻፈበትም። ሥራዋን አሳምራ ነው የሠራችው። ያኔ ግን ፀሐይዋ ዘቅዝቃ፣ የማርች ፀሐይ በረዶው ላይ ነጥራ፣ ከጎን ገጹን መታችው። ባዶ የመሰለው ወረቀት ሁሉ በቀጫጭን ሰርጓዳ መስመር ተሞልቶ ታየ።

«ካርላ፣ እርሳስ ስጪኝ። ለስላሳውን።»

ካርላ ሰጠቻት። ቶራ እርሳሱን አጋድማ ህዳጉን ቀስ እያለች፣ ሳትጫን፣ ማጥቆር ጀመረች። ክኑት ከወንበሩ ተነስቶ መጣ፤ ያ ሰው ከማሞቂያው ሲለይ ነገሩ ቀላል አይደለም። የጠቆረው ውስጥ ነጫጭ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ግን እርስ በርስ የተጠላለፉ ነበሩ። ሃያ ስምንት ዓመት አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎ ምኑ ይለይ! እዚህ አንድ ቁጥር፣ እዚያ የአንድ ቃል ጅራት ይታያል።

«ወደ ታች ሂጂ» አላት ክኑት። «ላይኛውን እኛ እየተሻማን ሞልተነው ስለነበር፣ አንድ ዓመት ኦረስት ከግርጌ ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ምላሱን አውጥቶ ነው የሚጽፍ የነበረ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።»

ወደ ታች ሄደች። ከገጹ ቁጥር በላይ አንዲት መስመር ብቻዋን፣ ንጹሕ ሆና ወጣች። «ዘንድሮም አጥፊው ቶራ፤ እኔ እንደሆንኩ ከርሞም አለሁ።»

ቶራ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ጎበጥ ያሉ ፊደሎቹ፣ መስመር ሲያልቅ ወደ ላይ የሚወጣው የእጁ ጽሑፍ፣ ሁሉም እሱ ራሱ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የያዘችው እንባ መጣ፤ መጽሐፉን እንዳያርስባት ራቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ክኑት መስኮቱን እያየ ስለ በረዶው አንድ የማይረባ ነገር ተናገረ።

ዓይኗን ስትጠርግ ግን አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻው የተጻፈው በቀኝ ህዳግ፣ መሃል ላይ ነው፤ ቦታውን አትስተውም። እርሳሱን አጋድማ አጠቆረችው። ምንም አልወጣም። ደገመችው። ወረቀቱ እዚያ ላይ ለስላሳ ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ሜይ የኦረስት እጅ ማንኪያ መያዝ እንኳ ይከብደው ነበር፤ ተጭኖ ለመጻፍ አቅም ከየት ይምጣ! በጣም የፈለገችው እሱን ነበር፤ እሱን ደግሞ አጥፍታዋለች፤ ለዘለዓለም ጠፍቷል።

«ምን ሆኑ ወይዘሮ ቶራ?» አለች ካርላ በቀስታ።

ቶራ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ለሁለት ዓመት ለሰው ያልነገረችውን የጃንዋሪውን ነገርም ነገረቻቸው። አሳጥራ ነው የነገረቻቸው። ካርላ ማኅተሙን አስቀመጠች። ክኑት ግን «እና ምን ነበር የሚለው?» አላት።

«ምኑ?»

«የጠፋው ነዋ። አንብበሽው የለ?»

ቶራ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ አዲሱን የአትክልት መጽሐፍ ሳበችና የቲማቲሙን ገጽ ፈለገች። ባለሥዕሉ መጽሐፍም «በሜይ አጋማሽ ወደ ውጭ ያውጡ» ይላል።

«አይ ይኼም!» አለ ክኑት። «ይኼም ሐይቅ ዳር ነው የሚኖር!»

ቶራ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ልትጽፍ እርሳሱን አሳረፈች። ካርላ ደነገጠች።

«ወይዘሮ ቶራ! አዲስ እኮ ነው! ገና ማኅተም እንኳ አልመታሁበትም!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርገው? ልተወው ወይስ...»

«ደንብ ደንብ ነው፤ ጃንዋሪ ሲመጣ አጥፊው። ላጲሱ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለቻት ቶራ ሳትቆጣ። «ዘንድሮ ግን ጁን አምስት ቲማቲሜን ስተክል መጥተሽ ጉድጓድ ትቆፍሪልኛለሽ።»

ከዚያ መነጽሯን አስተካክላ «አንቺ ትከይው፤ ከጁን አምስት በፊት እንዳታወጪው» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም «ኦረስት» ብላ ፈረመች። ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ተጭና ነበር የጻፈችው።